መድረክ ሲዘጋ ካሽ አይመሰክርም፦ በአሜሪካ ለሚሠሩ ሙዚቀኞችና የጥበብ ሠራተኞች የወረርሽኝ ጊዜ ድጎማ መመሪያ

በማርች 2020 አዳራሾችና ሬስቶራንቶች ሲዘጉ ዐቢይ ጾም ነበር። የኛ ሙዚቀኛ በጾም ወትሮም ሥራው ቀዝቃዛ ነው፤ ዓይኑ ያለው ፋሲካ ላይ ነው። የዚያ ዓመት ፋሲካ ኤፕሪል 19 ዋለ። ፋሲካን ተከትሎ የሚመጣው የኮንሰርት፣ የሠርግና የመልስ ወቅት ግን ቀረ።

የአሜሪካ መንግሥት በዚያና በተከታዩ ዓመት ሥራቸው ለቆመ የጥበብ ሰዎች ብዙ በር ከፍቷል። በበሩ የገባው ግን የተቸገረው ሁሉ ሳይሆን፣ ምን ይሠራ እንደነበርና ስንት ያገኝ እንደነበር በወረቀት ማሳየት የቻለው ነው። ኪቦርድ ተጫዋቹና ሳክስፎን ተጫዋቹ በአንድ ሠርግ ጎን ለጎን ተጫውተው እኩል ይከፈላቸዋል። አንዱ ገቢውን ታክስ ላይ አስመዝግቦ፣ ሌላው ካሹን ኪሱ ከትቶ ከሆነ ግን ድጎማው ሲመጣ እኩል አልደረሳቸውም።

እነዚያ ፕሮግራሞች ዛሬ ተዘግተዋል። ይህ መመሪያ የተጻፈው ለሚቀጥለው መዘጋት ነው። ኮንግረስ ድጎማውን በጥቂት ሳምንት የዘረጋው በነበረው ላይ ደርቦ ነው፦ በታክስ ፎርሙ፣ በየስቴቱ የሥራ አጥ ክፍያ ቢሮ፣ ኤስቢኤ በሚባለው የአነስተኛ ንግዶች አስተዳደር፣ ኤንኢኤ በሚባለው ብሔራዊ የጥበባት ድጋፍ ተቋም። እነዚህ ሁሉ አሁንም አሉ፤ ስለዚህ ዝግጅቱ ከዛሬ ይጀምራል። ከዚህ በታች ያሉት ቀኖች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ በሩን ይለዩ

ኬርስ አክት የተባለው ሕግ ማርች 27 ቀን 2020 ተፈረመ። ለግለሰብ የከፈተው ዋና በር ፒዩኤ የተባለው የወረርሽኝ ጊዜ የሥራ አጥ ድጋፍ ነው፤ መደበኛው አንኢምፕሎይመንት (የሥራ አጥ ክፍያ) የማይሸፍናቸውን፣ ማለትም በግላቸው የሚሠሩትን ድምፃውያን፣ ተወዛዋዦች፣ ሠዓሊዎች፣ ዲጄዎችና ቪዲዮ ቀራጮች የሚያስገባ። በግል የሚሠራ ሰው እንደ አንድ ሰው ድርጅት ተቆጥሮ በባንክ በኩል ፒፒፒ የተባለውን፣ በደንቡ ከዋለ ይቅር የሚባል ብድር መጠየቅም ይችል ነበር። አዳራሽና ቴአትር ቤት ላላቸው ሌላ በር ነበር፤ ለሬስቶራንት ሌላ፤ ለማኅበራት ሌላ።

ብዙ ሰው ጊዜውን ያባከነው የማይመለከተውን በር ሲያንኳኳ ነው። ኤንኢኤ የወረርሽኙን ገንዘብ ለግለሰብ አርቲስት አልሰጠም። ቢሮው ስሙ ውስጥ «ጥበባት» የሚል ስላለ ብቻ ማመልከቻ ያዘጋጁ ሰዎች፣ የእነሱ በር የሥራ አጥ ቢሮው ሆኖ ሳለ ሳምንታት አለፉባቸው። ለግለሰብ አርቲስት ትልቁ ገንዘብ የመጣው «ጥበብ» የሚል ቃል ከሌለበት ቦታ ነው።

ደብተሩ

አንድ ደብተር ወይም አንድ የኤክሴል ፋይል ይያዙ፤ ለእያንዳንዱ ሥራ አንድ መስመር። በሲልቨር ስፕሪንግ አዳራሽ ለተሠራ የአንድ ቅዳሜ ሠርግ የሚጻፈው ይህን ይመስላል።

- ቀን፣ ቦታ፣ የከፋዩ ሙሉ ስምና ስልክ
- ቀብድ፦ 300 ዶላር፣ በዜል (በባንክ መላኪያ አፕ)
- ቀሪ ክፍያ፦ 900 ዶላር፣ በካሽ
- ሽልማት፦ 240 ዶላር፣ በካሽ
- ለከበሮ መቺው የተከፈለ፦ 250 ዶላር
- ገመድና ባትሪ፦ 22 ዶላር፣ ከነደረሰኙ
- መንገድ፦ ደርሶ መልስ 38 ማይል

ጠቅላላ ገቢው 1,440 ዶላር ነው። በ2019 የታክስ ቢሮው ለአንድ ማይል 58 ሳንቲም ይፈቅድ ስለነበር መንገዱ 22 ዶላር ከ4 ሳንቲም ይሆናል። ወጪው ሁሉ ተደምሮ 294 ዶላር ከ4 ሳንቲም፤ የተጣራው 1,145 ዶላር ከ96 ሳንቲም።

እዚህ ላይ በብዛት የሚዘነጋው ሽልማቱ ነው። ግንባር ላይ የተለጠፈ ብር ስጦታ ይመስላል፤ ለታክስ ግን የሥራ ገቢ ነው። ሌላው የሚበላሸው የከበሮ መቺው ክፍያ ነው። የተለመደው ካሹን ተቀብሎ እዚያው መኪና ውስጥ መካፈል ነው። እንዲህ ሲደረግ ሁለታችሁም ማስረጃ አይኖራችሁም። የሚሻለው ካሹን በሙሉ ሰኞ ዕለት ባንክ አስገብቶ የሱን ድርሻ በዜል ወይም በቼክ መላክ ነው። ያኔ ለእርስዎ ወጪ፣ ለሱ ገቢ ሆኖ በሁለት ባንክ ይመዘገባል። በዓመት የከፈሉት 600 ዶላር ከደረሰ ክፍያውን ለታክስ የሚያሳውቀውን ፎርም 1099 ይሰጡት ነበር፤ ከ2026 ጀምሮ ለሚፈጸም ክፍያ ወለሉ 2,000 ዶላር ሆኗል። ፎርሙ ባይመጣም ግን ገቢው ገቢ ነው፤ «1099 አልሰጡኝም» ማለት አያድንም።

በነገራችን ላይ፣ ባንክ ከ10,000 ዶላር በላይ ካሽ ሲገባ ሪፖርት ያደርጋል። ሪፖርቱ ምንም ጉዳት የለውም። ሪፖርቱን ለመሸሽ ብሎ ገንዘቡን ከፋፍሎ ማስገባት ግን ራሱን የቻለ ወንጀል ነው።

ሂሳቡ ለሙዚቃ ሥራው ብቻ የተከፈተ የቢዝነስ አካውንት ቢሆን ይመረጣል። ምክንያቱ ጽዳት ብቻ አይደለም። ፒፒፒ ሲጀመር የመጀመሪያው 349 ቢሊዮን ዶላር ኤፕሪል 16 ቀን 2020 አለቀ፤ በግላቸው የሚሠሩ እንዲያመለክቱ የተፈቀደላቸው ደግሞ ከኤፕሪል 10 ጀምሮ ነበር። በመካከሉ ያለው 6 ቀን ብቻ ነው። ብዙ ባንኮች በነዚያ ቀናት የተቀበሉት የቀድሞ የቢዝነስ ደንበኞቻቸውን ነበር። በዚያ ሳምንት አካውንት ሊከፍት የሄደ ሰው ለሁለተኛው ዙር፣ ለኤፕሪል 27 ተላለፈ።

ኔት ወይስ ግሮስ፦ ገንዘቡ የሚወሰንበት ቁጥር

በግል የሚሠራ ሰው ገቢውን የሚያሳውቀው ስኬጁል ሲ በሚባለው የታክስ ፎርም ነው። ሁለት መስመሮችን ይወቁ፦ መስመር 7 ጠቅላላ ገቢ፣ መስመር 31 ከወጪ በኋላ የተጣራው።

በዓመት 42,000 ዶላር አስገብቶ 24,000 ወጪ የጻፈ ሙዚቀኛ እንውሰድ። መስመር 7 ላይ 42,000፣ መስመር 31 ላይ 18,000 አለው። በ2020 የፒፒፒ ስሌት መስመር 31ን ለ12 አካፍሎ በ2.5 ማባዛት ነበር፦ 18,000 ለ12 ሲካፈል 1,500፣ በ2.5 ሲባዛ 3,750 ዶላር። በማርች 2021 ደንቡ ተለውጦ መስመር 7ን መጠቀም ተፈቀደ። ያው ሰው በዚህ ስሌት 42,000 ለ12 ተካፍሎ 3,500 በ2.5፣ ማለትም 8,750 ዶላር ያገኝ ነበር። በአሮጌው ስሌት ቀድሞ የተፈቀደለት ግን ልዩነቱን አላገኘም። ጣሪያው በሁለቱም 20,833 ዶላር ነበር። ሠራተኛ የሌለውና መስመር 31 ላይ ዜሮ ወይም ኪሳራ የጻፈ ሰው በመጀመሪያው ስሌት ምንም አላገኘም።

የፒዩኤ ሳምንታዊ ክፍያም የተሰላው በተጣራው ነው። በሜሪላንድ ዝቅተኛው 176፣ ከፍተኛው 430 ዶላር ነበር። የገቢ ማስረጃ ያላቀረበ ሰው ዝቅተኛው ላይ ቀረ።

«ታክስ ሠሪዬ ጎበዝ ነው፣ ምንም አላስከፈለኝም» የሚለው ወሬ በኛ ሰው ዘንድ ምስጋና ነው። ወጪው እውነተኛ ከሆነ ይሁን። ነገር ግን የቤት ኪራይ፣ የቤተሰብ ስልክ፣ የልጆች መኪና ሁሉ ተጠራቅሞ መስመር 31 ወደ ዜሮ ሲወርድ ትክክል አለመሆኑ ብቻ ሳይሆን ድጎማውም፣ የባንክ ብድሩም፣ የጡረታ ነጥቡም አብሮ ይወርዳል። በተጣራው ላይ የሚከፈለው የግል ሠራተኛ ታክስ 15.3 በመቶ ገደማ ነው፤ መራራ ነው፣ ግን የሚገዛውን ነገር አውቆ መክፈል ይሻላል። የተጣራው ገቢ 400 ዶላር ከደረሰ ደግሞ ማሳወቅ ግዴታ ነው።

ተቃራኒውም አደጋ አለው። ድጎማ ሲታወጅ ያልተሠራ ገቢ መጨመር ማጭበርበር ነው። ለፒፒፒ ማጭበርበር ክስ የሚመሠረትበት ጊዜ በኦገስት 2022 በወጣ ሕግ ወደ 10 ዓመት ተራዝሟል።

አንድ ትንሽ ማስረጃ ብዙ ሰው አስቸግራለች። ፒፒፒ ለመውሰድ ፌብሩዋሪ 15 ቀን 2020 ላይ በሥራ ላይ እንደነበሩ ማሳየት ያስፈልግ ነበር፤ በደረሰኝ፣ በባንክ ወረቀት ወይም በሒሳብ ደብተር። ያ ቀን ቅዳሜ ነበር፤ ከቅበላው አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ፣ ሠርግና ክርስትና የሚበዛበት። ሥራ የነበራቸው ብዙ ናቸው፤ የጻፉት ግን ጥቂት። ደብተሩ በጊዜው፣ በተከታታይ ቀኖች የተሞላ መሆኑ ከየትኛውም ደብዳቤ በላይ ያሳምናል።

ሁለት ሥራ ያለው ሰው

ቀን ፓርኪንግ ወይም ዴይኬር በደብሊው 2፣ ማለትም በተቀጣሪነት እየሠሩ፣ ቅዳሜና እሑድ ማታ የሚጫወቱ ብዙ ናቸው። እዚህ ላይ ሕጉ ክፉ ቀዳዳ ነበረው። ጥቂት የደብሊው 2 ደመወዝ ያለው ሰው ወደ መደበኛው አንኢምፕሎይመንት ይላካል፤ ክፍያው ታዲያ በዚያች ደመወዝ ብቻ ይሰላል። ከሙዚቃ 24,000 ዶላር፣ ከፓርኪንግ 6,000 ዶላር የሚያገኝ ሰው በ6,000ው ይመዘናል። ፒዩኤን መርጦ መውሰድ አይችልም ነበር።

በዲሴምበር 2020 የወጣው ሕግ ለነዚህ ሰዎች በሳምንት 100 ዶላር ጭማሪ ፈቀደ። መስፈርቱ ከማመልከቻው በፊት ባለው የታክስ ዓመት ከግል ሥራ ቢያንስ 5,000 ዶላር የተጣራ ገቢ ማሳየት ነው። አሁንም መስመር 31! የሚከፈለው ስቴቱ ከተስማማ ሲሆን፣ ሰውየው ራሱ መጠየቅና ታክሱን ማያያዝ ነበረበት። ወደፊት ተመሳሳይ ነገር ሲመጣ ማመልከቻው ላይ ሁለቱንም ገቢ ይጻፉ። የግል ሥራውን የደበቀ ሰው በኋላ ጭማሪውን መጠየቅ ያፍራል።

ስምና የትውልድ ቀን

የኛን ሰው ማመልከቻ ከምንም በላይ ያስቆመው ይህ ነው። የመንግሥት ኮምፒውተር ሰው አያውቅም፤ አራት ወረቀት ያስተያያል፦ ሶሻል ሴኩሪቲ፣ መታወቂያ፣ ታክስ፣ ባንክ።

በኢትዮጵያ አጠራር የአባት ስም የቤተሰብ ስም አይደለም፤ ፎርሙ ግን እንደዚያ ያየዋል። ፓስፖርቱ ላይ የአባት ስም በመጨረሻ ቦታ ቆሞ፣ ግሪን ካርዱ ላይ የአያት ስም ሊቆም ይችላል። ገብረ ሚካኤል በአንዱ ወረቀት ተያይዞ፣ በሌላው ተለያይቶ ይጻፍና «ገብረ» መካከለኛ ስም ይሆናል። ለሰው ያው ነው፤ ለኮምፒውተር ሁለት ሰው ነው።

የመድረክ ስም ሌላ ጣጣ ያመጣል። ፖስተሩ፣ ውሉና የዜል ክፍያው በመድረክ ስም፣ ታክሱ በሕጋዊ ስም ከሆነ ወረቀቶቹ አይገናኙም። ፕሮሞተሩ ስምዎንና የታክስ ቁጥርዎን የሚጠይቀውን ፎርም ደብሊው 9 እንዲሞሉ ሲሰጥዎት በመጀመሪያው መስመር ታክስ ላይ ያለውን ሕጋዊ ስም፣ በሁለተኛው መስመር የመድረክ ስምዎን ይጻፉ። ውል ሲጽፉም «እገሌ በመድረክ ስሙ እገሌ» ብለው ሁለቱን በአንድ ዐረፍተ ነገር ያገናኙ።

የትውልድ ቀን ደግሞ እንዲህ ይበላሻል። ጥር 5 ቀን 1978 የተወለደ ሰው በፈረንጅ ጃንዋሪ 13 ቀን 1986 ነው የተወለደው። ጥር አምስተኛው ወር ስለሆነ አንዱ ቢሮ ሳይቀይር 5/5/1978 ብሎ ይጽፋል፤ ሌላው ዓመቱን ብቻ ይቀይራል፤ ሦስተኛው ቀኑ ሲጠፋበት ጃንዋሪ 1 ያደርገዋል። መንጃ ፈቃድና ሶሻል ሴኩሪቲ በዚህ ከተለያዩ ማንነት የሚያጣራው ሥርዓት ይጥልዎታል፤ በወረርሽኙ ጊዜ አንድ ሰው አግኝቶ ማስተካከል ደግሞ ወራት ወስዷል። ዛሬ አራቱን ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጠው ፊደል በፊደል ያንብቡ። የሶሻል ሴኩሪቲው መዝገብ ከተሳሳተ ማስረጃ ይዘው በፎርም ኤስኤስ 5 ያስተካክሉ፤ ክፍያ የለውም። ከዚያ በኋላ የሚሞሉትን ሁሉ በዚያው አጻጻፍ ብቻ ይሙሉ።

የሥራ ፈቃድ ካርድ ላይ የሚኖሩ ሰዎች አንድ ተጨማሪ ነገር አለባቸው። የሥራ አጥ ክፍያ የሚጠየቅበት እያንዳንዱ ሳምንት በሥራ ፈቃድ መሸፈን አለበት። ካርዱ አልቆ አዲሱ እስኪመጣ የተፈጠረው ክፍተት ሳይከፈል ይቀራል፤ ተከፍሎ ከሆነም ይመለስ ይባላል። ካርዱ ከማለቁ ብዙ ቀደም ብለው ያሳድሱ፣ የማደሻውን ደረሰኝ ያስቀምጡ።

ማመልከቻውና የየሳምንቱ ጥያቄ

ሥራ በቆመበት ሳምንት ያመልክቱ። «የኔ ገቢ ትንሽ ነው፣ ለዚያች ብር አልደክምም» ያለ ሰው በ2020 ክፉኛ ተጎድቷል። በየሳምንቱ የተጨመረው የፌዴራል 600 ዶላር የሚከፈለው ከስቴቱ ቢያንስ 1 ዶላር ለተፈቀደለት ነበር። በሜሪላንድ 176 የተፈቀደለት ሰው 776 ተቀበለ። 600ው እስከ ጁላይ መጨረሻ ለ17 ሳምንት ስለተከፈለ ጭማሪው ብቻ 10,200 ዶላር ነው።

ምክንያት ሲጠየቁ በትክክል ይመልሱ። «ሥራ ቀዘቀዘ» የሚለው መልስ በፒዩኤ ሕግ ውስጥ የለም፤ «በኮቪድ ምክንያት ዝግጅቶች ስለተሰረዙ የግል ሥራዬ በእጅጉ ቀንሷል» የሚለው ግን አለ። ነገሩ አንድ ነው፣ አጻጻፉ ግን የመጀመሪያውን ውድቅ፣ ሁለተኛውን ተቀባይ አድርጎታል።

ከዚያ በየሳምንቱ ገቢ ነበረዎት ወይ ተብሎ ይጠየቃል። ለተቀጣሪ የሚቆጠረው የሠራበት ሳምንት ነው። በግሉ ለሚሠራ ግን በፒዩኤ ደንብ የተቆጠረው ገንዘቡ እጁ የገባበት ሳምንት ነበር፣ ሥራው የተሠራው መቼም ይሁን። የፌብሩዋሪ ኮንሰርት ቼክ በኤፕሪል ከመጣ በኤፕሪሉ ሳምንት ይጻፋል። ይህን ያላወቁ «በዚህ ሳምንት አልሠራሁም» ብለው ዜሮ ጻፉ፤ ባንኩ ግን ቼኩን ያሳያል። ቤት ተቀምጦ በፌስቡክ ወይም በቲክቶክ ላይቭ ተዘፍኖ በካሽ አፕ የመጣ ብርም ገቢ ነው። የስቴትዎ ጥያቄ የሚለው ጠቅላላውን ይሁን የተጣራውን አንብበው ይመልሱ፣ መልሱንም ስክሪንሾት አንስተው ያስቀምጡ።

መጀመሪያ ላይ ፒዩኤ በቃል ብቻ ይታመን ነበር። ከዲሴምበር 2020 በኋላ ግን ማስረጃ ተጠየቀ፦ ከጃንዋሪ 31 ቀን 2021 ጀምሮ ላመለከቱ 21 ቀን፣ ቀድመው ለነበሩት 90 ቀን ተሰጠ። ታክስ፣ የንግድ ፈቃድ፣ ደረሰኝ፣ አልፎ ተርፎም ሥራዎን የሚያውቅ ሰው ፈርሞ የሰጠው ቃል ተቀባይነት ነበረው። ማሳሰቢያው የመጣው በፖርታሉ ውስጥ ስለነበር፣ ስልካቸውን ብቻ የጠበቁ ሰዎች ቀኑ አለፋቸው።

የተሰረዘውን ሥራ በዚያው ሳምንት ማስፈረም

ሠርግ ሲሰረዝ ሙሽሮቹም አዝነዋል፤ ወረቀት መጠየቅ ይከብዳል። ቢሆንም ይጠይቁ፣ ከሦስት ወር በኋላ ማንም አያስታውስም። አጭር ኢሜይል ይበቃል። ለቢሮ የሚቀርበው በእንግሊዝኛ ይሁን፤ ይዘቱ ግን ይህ ነው፦

«በሜይ 9 ቀን 2020 በአሌክሳንድሪያ ለሚደረገው ሠርጋችን እንዲጫወቱ በጃንዋሪ 18 በ1,200 ዶላር ተስማምተን 300 ዶላር ቀብድ ከፍለን ነበር። አዳራሹ በኮቪድ ምክንያት ስለተዘጋ ሠርጉ ተሰርዟል። ቀሪው 900 ዶላር አይከፈልም።»

አራት ነገር ይዟል፦ የተስማሙበት ቀን፣ መጠኑ፣ ምክንያቱ፣ የቀረው ብር። የተስማሙበት ቀን ከመዘጋቱ በፊት መሆኑ ዋናው ነው። «ተላልፏል» ከተባለ አዲሱ ቀን ይጻፍ፤ ቀን የሌለው «ተላልፏል» ማስረጃም ሥራም አይደለም።

አዳራሽና ሬስቶራንት ላላቸው

ለመድረኮች የተከፈተው ትልቁ በር ኤስቪኦጂ የተባለው የተዘጉ መድረኮች ድጋፍ ነበር፦ ከ16 ቢሊዮን ዶላር በላይ፣ ለአንድ ድርጅት ከ2019 የሥራ ገቢው 45 በመቶ፣ ጣሪያው 10 ሚሊዮን። 400,000 ዶላር ያስገባ አዳራሽ 180,000 ማለት ነው። ግን መድረክ መሆኑን ማሳየት ነበረበት፦ ተለይቶ የታወቀ የመጫወቻና የተመልካች ቦታ፣ ሚክሰር፣ የድምፅ ሲስተምና የመብራት መደርደሪያ፣ ትኬት ወይም መግቢያ ክፍያ፣ ለተጫዋቾች የተከፈለ ገንዘብ። ዓርብ ማታ አዝማሪ የሚያስጫውት ሬስቶራንት ዋና ገቢው ክትፎና ቢራ ከሆነ በዚህ በር አይገባም። ማመልከቻው ኤፕሪል 8 ቀን 2021 ተከፍቶ በዚያው ቀን ሥርዓቱ ወደቀ፤ እስከ ወሩ መጨረሻ ገደማ ተዘግቶ ቆየ። ያንን ጊዜ የንግድ ምዝገባቸውን ለመጨረስ የተጠቀሙበት ዳኑ።

የሬስቶራንቱ በር ሜይ 3 ቀን 2021 የተከፈተው የ28.6 ቢሊዮን ዶላር ፈንድ ነው። ስሌቱ ቀላል ነበር፦ የ2019 ሽያጭ ሲቀነስ የ2020 ሽያጭ ሲቀነስ የወሰዱት ፒፒፒ። 600,000 ሲቀነስ 310,000 ሲቀነስ 70,000፣ ውጤቱ 220,000 ዶላር። ከ278,000 በላይ አመልክተው የደረሳቸው ወደ 101,000 ብቻ ናቸው፤ ገንዘቡ አለቀ። በ2019 የካሽ ሽያጩን አሳንሶ ያሳወቀ ባለቤት እዚህም በራሱ እጅ ድጎማውን ቀነሰ። ሁለቱንም ፈንድ አንድ ድርጅት መውሰድ አይችልም ነበር፤ ስለዚህ ከማመልከት በፊት ሁለቱንም በወረቀት ያስሉ።

ማኅበራትና የባህል ቡድኖች

ኤንኢኤ በኬርስ አክት 75 ሚሊዮን ዶላር ተሰጠው፤ 40 በመቶው ለስቴትና ለክልል የጥበብ ቢሮዎች ሄደ። በቀጥታ የተሰጠው 50,000 ዶላር ሲሆን፣ ያገኙት ካለፉት 4 ዓመታት በአንዱ ከተቋሙ ድጋፍ አግኝተው የነበሩ ብቻ ናቸው። በ2021 ሌላ 135 ሚሊዮን ሲመደብ ያ መስፈርት ተነሣና 50,000፣ 100,000 ወይም 150,000 መጠየቅ ተቻለ።

የዳንስ ቡድን ወይም የባህል ማኅበር ካላችሁ የራሳችሁ 501 ሲ 3፣ ማለትም ከታክስ ነፃ የሆነ በጎ አድራጎት ማኅበር ፈቃድ ያስፈልጋል። በሌላ ማኅበር ጥላ ሥር ሆኖ ማመልከት ለብዙ የግል ፋውንዴሽኖች ይሠራል፤ ለኤንኢኤ ግን አይሠራም። ከዚያ ሳም ዶት ጎቭ በሚባለው የፌዴራል መንግሥት መመዝገቢያ ድረ ገጽ ላይ ተመዝግባችሁ ዩኢአይ የሚባለውን ቁጥር ውሰዱ። ምዝገባው ነፃ ነው፤ «እንመዝግባችሁ» ብሎ ብር የሚጠይቅ ኢሜይል ከመንግሥት አይደለም። የማኅበሩ ስምና አድራሻ የታክስ ቁጥሩ በተሰጠበት ደብዳቤ ላይ እንዳለው ካልተጻፈ ምዝገባው ሳምንታት ይቆማል። በየዓመቱም ይታደሳል፤ ሊቀመንበር በተለወጠ ቁጥር የይለፍ ቃሉ አብሮ የሚጠፋባቸው ማኅበራት ብዙ ናቸው። ለሁለት ሰው ይሰጥ።

ከፌዴራሉ ይልቅ የከተማችሁና የካውንቲያችሁ የጥበብ ቢሮ ትንሽ ብር በፍጥነት ይሰጣል። አሁኑኑ በኢሜይል ዝርዝራቸው ውስጥ ግቡ፤ በችግር ጊዜ ማስታወቂያው ለአሥር ቀን ብቻ ሊቆይ ይችላል።

ገንዘቡ ከመጣ በኋላ

የሥራ አጥ ክፍያ ታክስ አለበት። ሲያመለክቱ 10 በመቶ ይቆረጥ ብለው ይምረጡ። በማርች 2021 የወጣ ሕግ ከ2020 ክፍያ እስከ 10,200 ዶላሩን ከታክስ ነፃ አድርጎ ነበር፤ ያ የአንድ ጊዜ ነገር ነው፣ አይጠብቁት። ይቅር የተባለ ፒፒፒ በፌዴራል ታክስ ላይ ገቢ አይደለም። በፒፒፒ ለራስዎ የከፈሉት ብር ግን ለሥራ አጥ ቢሮው እንደ ገቢ ይነገራል፤ ለአንድ ሳምንት ሁለቱንም ሙሉ መውሰድ ተመላሽ ክፍያ አስከትሏል።

ገንዘቡ ለምን እንደተሰጠ ማንበብም ይገባል። በጀርመን ለሚኖሩ አርቲስቶች ትምህርቱ ከባድ ነበር። በ2020 ጸደይ እስከ 5 ሠራተኛ ላላቸው እስከ 9,000 ዩሮ የተሰጠው አስቸኳይ እርዳታ ለሥራ ወጪ፣ እንደ ስቱዲዮ ኪራይ ላለው እንጂ ለምግብና ለቤት ኪራይ አልነበረም። ስቱዲዮ የሌለው ሙዚቀኛ ኖሮበት፣ በኋላ መልስ ተባለ። በ2021 የመጣው ኖይሽታርትሂልፈ ግን ለጃንዋሪ እስከ ጁን የወትሮውን ገቢ ግማሽ፣ እስከ 7,500 ዩሮ ሰጠ፤ እሱ ለኑሮም ይውላል።

የ«ትርፍ ተከፍሎዎታል» ደብዳቤ ከደረሰ አይደናገጡ፤ ዝም ግን አይበሉ። ሁለት የተለያዩ ነገሮች አሉ። ይግባኝ ማለት «ውሳኔው ስህተት ነው» ማለት ነው። የይቅርታ ጥያቄ ደግሞ «ተከፍሎኛል፣ ጥፋቱ ግን የኔ አይደለም፣ መመለሱም ይጎዳኛል» ማለት ነው። በብዙ ቦታ ሁለቱም ለየብቻ ይቀርባሉ፤ አንዱን ልኮ ሌላውን የዘነጋ ሰው ግማሽ መብቱን ጥሏል። ቀኑ የሚቆጠረው ደብዳቤው ከተጻፈበት እንጂ ከደረሰዎት አይደለም፤ በብዙ ስቴቶች ከ15 እስከ 30 ቀን ነው። ይግባኙ እስኪታይ ድረስ የየሳምንቱን ጥያቄ መመለስ አያቋርጡ፤ ካቋረጡ ቢያሸንፉ እንኳ የነዚያ ሳምንታት ክፍያ አይኖርም።

በ2020 እና በ2021 ፒፒፒ የወሰዱ ሰዎች የማመልከቻውን ቅጂ፣ የዚያን ዓመት ስኬጁል ሲ፣ የባንክ ወረቀቱንና ብድሩ ይቅር መባሉን የሚገልጸውን ደብዳቤ አይጣሉ። አሥሩ ዓመት ገና አላለቀም። ፎቶ አንስተው በኢሜይል ለራስዎ ይላኩ፤ ደረሰኝ የሚታተምበት ቀጭን ወረቀት በሁለትና በሦስት ዓመት ነጭ ሆኖ ይቀራል።